የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ፓኔል የኃይል ማቅረቢያ ብልሽትና ብልሽቱን የመፈለግ ትምህርት

በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋሞች የሚገኙ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ትራንስፎርመር፣ ዳዮድና ካፓሲተር ምን እንደሆኑ ገና በጅምሩ ይማራሉ። የእያንዳንዱን ምልክት ይሥላሉ፤ ቀመሩን ያጠናሉ፤ በፈተናም ይመልሳሉ። ይሁን እንጂ ተማሪው ሥራ ካቆመ ፓኔል ፊት በቀረበ ጊዜ ይህ ሁሉ ዕውቀት ብዙውን ጊዜ ከእጁ አይገኝም። ያን ጊዜ የሚያደርገው ሲደረግ ያየውን ነው፤ ፊውዝ ይለውጣል፣ ደግሞም ይለውጣል፣ በመጨረሻም «ካርዱ ተቃጥሏል» የሚል ውሳኔ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ ወደ ግዥ ክፍል ይሄዳል። ካርዱ ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ ፓምፑ ይቆማል፤ በፓምፑ ውኃ የሚጠቀመው ሕዝብም እንስራውን ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል። በእውነት የተበላሸው ግን የአንድ ሌሊት አበል የማያህል ዋጋ ያለው ካፓሲተር፣ ወይም አንድ የላላ ብሎን ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በፓኔሎች ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች መካከል የኃይል ማቅረቢያውን ክፍል የሚመለከቱትን መርጦ፣ እንዴት በሥርዓት እንደሚፈለጉና ይህም አፈላለግ በክፍል ውስጥ እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል ማስረዳት ነው። የኃይል ማቅረቢያው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በፓኔሉ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ከመሥመሩ ጋር በቀጥታ የሚጋፈጠው፣ የቮልቴጁንም መዋዠቅ በመጀመሪያ የሚቀበለው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ የእርሱ ሕመም በሌሎች ላይ ስለሚታይ፣ ያልታመመው ክፍል ሲታከም የታመመው ተረስቶ ይቀራል።

የክፍሉ አሠራር ባጭሩ

ለምሳሌነት አንድ የተለመደ ዓይነት ፓኔል እንውሰድ። ከመሥመሩ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ከረንት ይገባል። በብሬከር፣ በፊውዝና በማብሪያ በኩል አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይደርሳል፤ ትራንስፎርመሩም ቮልቴጁን ወደ 24 ያወርደዋል። አራት ዳዮዶች የተጣመሩበት ድልድይ ተለዋዋጩን ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ከድልድዩ የሚወጣው ግን በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል እንጂ የረጋ አይደለም። የማርጋቱን ሥራ የሚሠራው 4700 ማይክሮፋራድ የሆነ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ነው፤ ይህን በየመደብሩ ኮንደንሰር እያሉ ይጠሩታል። ካፓሲተሩ እንደ ውኃ ማጠራቀሚያ ጋን ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። በየሞገዱ ጫፍ ይሞላል፤ በሁለት ጫፎች መካከል ያጠራቀመውን ይሰጣል። ከዚያ ቀጥሎ 7824 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ሬጉሌተር ቮልቴጁን በ24 ላይ አጽንቶ ለሪሌዎች፣ ለጠቋሚ መብራቶችና ፒኤልሲ ለተባለው ፕሮግራም ተቀባይ መቆጣጠሪያ ያድላል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት መያዝ አለበት፤ ኋላ ስለምንመለስበት ነው። የ24 ቮልት ተለዋዋጭ ከረንት ጫፍ 24 በ1.414 ሲባዛ፣ ማለት 33.9 ቮልት ገደማ ነው። በድልድዩ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ዳዮዶች ስለሚያልፉት 1.4 ቮልት ይቀነስለታል። ስለዚህ በካፓሲተሩ ላይ የሚገኘው ከፍተኛ ቮልቴጅ 32.5 ነው። ሬጉሌተሩ ሥራውን በትክክል ለመሥራት ከሚያወጣው በላይ ቢያንስ 2 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ፣ በመግቢያው ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ26 በታች መውረድ የለበትም። በ32.5 እና በ26 መካከል ያለው ልዩነት የፓኔሉ መጠባበቂያ ነው፤ አብዛኛው ስውር ብልሽት ይህን መጠባበቂያ ቀስ በቀስ የሚበላ ነገር ነው።

ከመንካት በፊት

ስለ ጥንቃቄ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ስለሆነ እዚህ የሚነሡት በተግባር የሚረሱት ብቻ ናቸው። መሥመሩ ተቋርጧል ብሎ ማመን የሚቻለው በመለኪያ ሲረጋገጥ ነው። መለኪያው ራሱ የተበላሸ ሊሆን ስለሚችል፣ በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በሚታወቅ ቦታ ይሞከራል፤ ቀጥሎ ሊነካ የታሰበው ቦታ ይለካል፤ በመጨረሻም ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሶ መለኪያው አሁንም እንደሚሠራ ይታያል። ሦስተኛውን ደረጃ የሚዘነጉ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ኒውትራል የተባለው ሽቦ ሁልጊዜ ከአደጋ ነጻ ነው የሚለው እምነትም መወገድ አለበት፤ ኒውትራሉ ከተቋረጠ በጭነቱ በኩል የመጣው ቮልቴጅ በእርሱ ላይ ይገኛል።

ስዊች ሞድ በተባሉት አዳዲስ የኃይል ማቅረቢያዎች ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። እነዚህ በመጀመሪያው ደረጃ ትራንስፎርመር ስለሌላቸው 220ው ቮልት በቀጥታ ወደ ቀጥተኛ ከረንት ይለወጥና በካፓሲተራቸው ላይ 311 ቮልት ያህል ይጠራቀማል። ይህም ስፒናው ከሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ሊቆይ ይችላል። በካቻቢቴ ጫፍ አገናኝቶ ማራገፍ በየሥራ ቦታው የተለመደ ቢሆንም ካፓሲተሩንም ሠራተኛውንም ይጎዳል። 2200 ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር በሁለት በሚገባ በተሸፈኑ ሽቦዎች ታስሮ ቢዘጋጅ፣ 100 ማይክሮፋራድ የሆነውን ካፓሲተር በአንድ ሰከንድ ገደማ ያራግፈዋል። ይህን መሣሪያ ተማሪው ራሱ ሠርቶ በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ቢይዘው መልካም ነው።

ከመካከል መጀመር

ከላይ የተገለጸውን መሥመር ብንቆጥር ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም ብሬከር፣ ፊውዝ፣ ማብሪያ፣ ትራንስፎርመር፣ ድልድይ፣ ካፓሲተር፣ ሬጉሌተርና የመውጫ ተርሚናል ናቸው። ፓኔሉ ፈጽሞ ከሞተ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ እየለካ የሚሄድ ሠራተኛ ብልሽቱን ለማግኘት እስከ ሰባት ጊዜ ሊለካ ይችላል። ከመካከል የሚጀምር ግን ከሦስት ጊዜ በላይ መለካት አያስፈልገውም። በመጀመሪያ በትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ 24 ቮልት ተለዋዋጭ ከረንት መኖሩን ያያል። ካለ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ደረጃዎች በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬ ነጻ ይሆናሉ። ሁለተኛው መለኪያ በካፓሲተሩ ላይ ነው፤ እዚያም ቮልቴጁ ከተገኘ የቀሩት ሬጉሌተሩና ተርሚናሉ ብቻ ስለሆኑ ሦስተኛው መለኪያ ነገሩን ይወስናል። በተጨማሪም ይህ አካሄድ ሥራውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ካለበት ወገን የሚጀምር በመሆኑ ከአደጋም ይጠብቃል።

ይህ ዘዴ የራሱ ወሰን አለው። የሚያገለግለው መንገዱ በአንድ ቦታ ለተቋረጠበት ብልሽት ነው። ሾርት በሆነ ጊዜ፣ ማለት ሁለት መገናኘት የሌለባቸው ነጥቦች በተገናኙ ጊዜ፣ የኋለኛው ደረጃ የፊተኛውን ቮልቴጅ ጎትቶ ስለሚያወርደው ልኬቱ ያሳስታል። ስለዚህ ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ፊውዙ ደኅና ነው ወይስ ተቃጥሏል?» የሚለውን ነው። ከዚህ መልስ በኋላ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ።

የተቃጠለ ፊውዝ የሚሰጠው ምስክርነት

ፊውዝ፣ ወይም በቀድሞው አጠራር ቫልቮላ፣ ሲቃጠል የጠፋ ዕቃ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራልና ወዲያው ይጣላል። ይሁን እንጂ ከመጣሉ በፊት መታየት አለበት። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ሽቦ በመካከል ተበጥሶ ብርጭቆው ንጹሕ ከሆነ፣ ከመጠን ጥቂት ያለፈ ከረንት ለረጅም ጊዜ አልፎበታል፤ ወይም ፊውዙ አርጅቷል። ብርጭቆው ጠቁሮ ወይም እንደ መስተዋት ብር መስሎ ከተገኘ ግን ሽቦው በቅጽበት ተኗል፤ ይህም የሾርት ምልክት ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ሌላ ፊውዝ መክተት ዋጋ የለውም። በሽቦ መተካትማ ፓኔሉን በእሳት እንደማቃጠል ይቆጠራል።

ፊውዝ ሳያባክኑ ሾርቱን ለመፈለግ የቆየና የተረጋገጠ ዘዴ አለ። የ60 ዋት አምፖል በፊውዙ ቦታ በተከታታይ ይገናኛል። ሾርት ቢኖር እንኳ አምፖሉ ከ0.27 አምፔር በላይ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ምንም ነገር አይቃጠልም። ጭነቱ ሁሉ ከተነቀለ በኋላ ፓኔሉ ሲከፈት፣ ደኅና ከሆነ አምፖሉ ካፓሲተሩ እስኪሞላ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። በሙሉ ብርሃን ከበራ ሾርቱ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ የትራንስፎርመሩ የመውጫ ሽቦዎች ይፈታሉ፤ አምፖሉ አሁንም ከበራ ጥፋቱ የትራንስፎርመሩ ነው፤ ከደበዘዘ ግን ጥፋቱ ድልድዩ ወይም ካፓሲተሩ ዘንድ ነው። ጭነት በሌለበት ደኅና ሆኖ ጭነት ሲገባ የሚበራ ከሆነ፣ የሚወጡት ሽቦዎች አንድ በአንድ እየተገናኙ ይሞከራሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፓኔሉ ውጭ ያለ፣ አይጥ የበላው ወይም ውኃ የገባበት የሴንሰር ኬብል ነው። መታወስ ያለበት አምፖሉ ሽቦው የሚግልበት የቀድሞው ዓይነት መሆን እንዳለበት ነው። አሁን በገበያ የበዙት የኤልኢዲ አምፖሎች ለዚህ አያገለግሉም፤ ስለዚህ የየወርክሾፑ ኃላፊ ጥቂቶቹን የድሮዎቹን ፈልጎ ቢያስቀምጥ ይበጃል። ይህ ዘዴ በስዊች ሞድ ማቅረቢያዎች ላይም ይሞከራል፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ደኅና ሆነው ሳለ አምፖሉን ያበሩታል ያጠፉታል፤ በእነርሱ ላይ ከልምድ ጋር መዳኘትን ይጠይቃል።

ድልድዩ ከተጠረጠረ እያንዳንዱ ዳዮድ በመለኪያው የዳዮድ ቦታ ላይ ይመረመራል። በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7፣ በሌላው ምንም ካላሳየ ደኅና ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ዜሮ የቀረበ ሾርት ሆኗል፤ ፊውዙንም የሚያቃጥለው እርሱ ነው። በሁለቱም ምንም የማያሳይ ዳዮድ ግን ተቋርጧል፤ ይህ ፊውዝ አያቃጥልም፤ ፓኔሉም ሥራውን ይቀጥላል፣ ግን በግማሽ ሞገድ ነው። ካፓሲተሩ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላ የነበረው አሁን 50 ጊዜ ብቻ ስለሚሞላ መጠባበቂያው በእጅጉ ይቀንሳል። ተማሪዎች ይህን «ግማሽ ጤነኛ» ሁኔታ ለመረዳት ይቸገራሉና መምህሩ ሊዘገይበት ይገባል።

በምሽት ብቻ የሚቆም ፓኔል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ከመቆጣጠሪያ ፓኔሎች ብልሽት ሁሉ ሠራተኛውን እጅግ የሚያደክመው ፈጽሞ የሞተው አይደለም፤ ቀኑን በሙሉ በሰላም ሠርቶ በምሽት የሚቆም፣ ባለሙያ ሲጠራ ደግሞ ምንም ያልሆነ የሚመስል ፓኔል ነው። ይህን በስሌት ብንከታተለው ምሥጢሩ ይገለጣል።

በካፓሲተሩ ላይ በሁለት የሞገድ ጫፎች መካከል የሚወርደው ቮልቴጅ በግምት ከረንቱ ለሞገዱ ድግግሞሽና ለካፓሲተሩ መጠን ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ፓኔሉ 1 አምፔር ቢወስድ፣ ድግግሞሹም 100 ቢሆን፣ 4700 ማይክሮፋራድ የሆነው አዲስ ካፓሲተር 2.1 ቮልት ያህል ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅተኛው ነጥብ 30.4 ነው፤ ሬጉሌተሩ ከሚፈልገው 26 በብዙ ይበልጣል። ይህ አዲሱ ፓኔል ነው።

የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጡ እርጥበት ያለው ነገር ነው። ሙቀት ያደርቀዋል፤ ሲደርቅም የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል። በሙያው የታወቀው ልማዳዊ ግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚለው ነው። እንግዲህ ከጊዜ በኋላ የእኛ ካፓሲተር ወደ 2000 ማይክሮፋራድ ወርዷል እንበል። በዚህ ጊዜ የሚወርደው ቮልቴጅ 5 ይሆናል፤ ዝቅተኛውም ነጥብ 27.5 ነው። አሁንም ከ26 በላይ ስለሆነ ፓኔሉ ምንም ሕመም አያሳይም። ካፓሲተሩ ከግማሽ በላይ ሞቷል፤ ሆኖም ማንም አላወቀም።

በሌላ በኩል ደግሞ መሥመሩን እንመልከት። በምሽት የመንደሩ ሰው ምጣዱን ያገናኛል፤ መብራት ይበራል፤ በረጅሙ መሥመር ጫፍ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ220 ወደ 180 ይወርዳል እንበል። ትራንስፎርመሩ ያን ጊዜ የሚያወጣው 24 ሳይሆን 19.6 ነው፤ ጫፉም ዳዮዶቹ ከወሰዱት በኋላ 26.4 ይሆናል። ካፓሲተሩ አዲስ ቢሆን ኖሮ ዝቅተኛው ነጥብ 24.3፣ የሬጉሌተሩም ውጤት በዝቅተኛው ቅጽበት 22.3 ቮልት በሆነ ነበር። ፓኔሉ ይህን ይችለዋል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 61131-2 መሠረት ለ24 ቮልት የተሠራ ፒኤልሲ በ15 በመቶ ቢያንስ፣ በ20 በመቶ ቢበልጥ መሥራት አለበት፤ ይኸውም ከ20.4 እስከ 28.8 ቮልት ማለት ነው። ስለዚህ የመሥመሩ መውረድ ብቻውን ፓኔሉን አያቆመውም።

ሁለቱ ሲገናኙ ግን ዝቅተኛው ነጥብ 26.4 ሲቀነስ 5፣ ማለት 21.4 ይሆናል፤ ከሬጉሌተሩ የሚወጣውም 19.4 ነው። ከ20.4 አንሷል፤ ፒኤልሲውም ይቆማል። እንግዲህ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ጉዳት የሌላቸው ሁለት ድክመቶች ተጋግዘው ፓኔሉን ጣሉት። በማግሥቱ ጠዋት የመጣው ባለሙያ 220 ቮልት ያገኛል፤ በሬጉሌተሩ መውጫ ላይ ልክ 24 ያነባል፤ «የፕሮግራሙ ጥፋት ነው» ብሎም ይሄዳል። በምሽት እንኳ ቢመጣ መለኪያው የሚያሳየው አማካዩን ስለሆነ 22 ቮልት ገደማ ያነባል፤ ይህም ከተፈቀደው ወሰን ውስጥ ስለሆነ ይታለላል። በፓኔሉ በር ላይ ያለው አረንጓዴ መብራትም ምስክር ሊሆን አይችልም፤ በ15 ቮልትም ቢሆን ይበራልና።

ታዲያ በጠዋት ይህን ሕመም ማወቅ ይቻላል? አዎን፤ መለኪያውን በካፓሲተሩ ላይ ሁለት ጊዜ በማስቀመጥ ይቻላል። በቀጥተኛ ከረንት ቦታ ሲለካ አዲሱ 31.4፣ ያረጀው 30 ያሳያል፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መለኪያው ወደ ተለዋዋጭ ከረንት ቦታ ሲዛወር ግን የሚነበበው ቅሪቱ ሞገድ ብቻ ነው፤ አዲሱ 0.6 ቮልት ገደማ፣ ያረጀው 1.4 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ፓኔሉ አዲስ በነበረበት ጊዜ ለክቶ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የጻፈ ሰው ለሚቀጥለው ሠራተኛ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። አንዳንድ ርካሽ መለኪያዎች፣ በተለይም ቀስት ያላቸው፣ በተለዋዋጭ ከረንት ቦታ ላይ ሆነው ቀጥተኛውንም አብረው ስለሚያነቡ ሐሰተኛ ቁጥር ይሰጣሉ። ይህን ለማወቅ መለኪያውን በተለዋዋጭ ከረንት ቦታ አድርጎ በመኪና ባትሪ ላይ መሞከር ነው፤ ጫፎቹንም አገለባብጦ ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱንም ጊዜ ዜሮ ካላሳየ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ወይም ደግሞ ቀጥተኛውን የሚያግድ አነስተኛ ካፓሲተር በአንዱ ሽቦው ላይ በተከታታይ መጨመር ይኖርበታል።

ሙቀትን በተመለከተ የአገራችን መልክዐ ምድር ሁለት ዓይነት ፈተና ይሰጣል። በአዋሽ ሸለቆ ሜዳዎች ላይ የአየሩ ሙቀት ራሱ ካፓሲተሩን ያስረጀዋል። በደጋው ደግሞ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉ ያነሰ ነው። ብዙ አምራቾች ለዕቃቸው የሚሰጡት የጭነት መጠን ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1000 ወይም 2000 ሜትር ድረስ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ በመግለጫው ላይ የተጻፈውን ሙሉ ጭነት በደጋ መጫን አይገባም። ከዚህ ጋር የሚዛመደው የሬጉሌተሩ ጠባይ ነው። በምሳሌአችን ውስጥ ሬጉሌተሩ ከ7 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። የተጣበቀበት የማቀዝቀዣ ብረት ከላላ ወይም በአቧራ ከተሸፈነ፣ ውስጡ ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይከፈታል። ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ የሚቆም፣ ዐርፎ የሚነሣ ፓኔል ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ጭነት በሌለበት የተለካ ቮልቴጅ

ይህ ክፍል አጭር ቢሆንም ከተማሪው አእምሮ መውጣት የሌለበት ነው። የዲጂታል መለኪያ ውስጣዊ ተቃውሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ነው። አንድ የዛገ ተርሚናል 5 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። መለኪያው ብቻ ሲገናኝ የሚያልፈው ከረንት 2.4 ማይክሮአምፔር ስለሆነ በዛገው ቦታ የሚጠፋው 12 ማይክሮቮልት ነው፤ መለኪያው ሙሉ 24 ያነባል። የ1 አምፔር ጭነት ሲገባ ግን በዚያው ቦታ 5 ቮልት ይጠፋል፤ ለፓኔሉ የሚደርሰው 19 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጭነቱ ተነቅሎ የተለካ ቮልቴጅ ስለ ብሎኑ ምንም አይናገርም። ጥገናም ካለቀ በኋላ ፒኤልሲው ከመገናኘቱ በፊት በርካሽ ነገር መሞከር ብልኅነት ነው። የከባድ መኪና የፍሬቻ አምፖል፣ 24 ቮልት 21 ዋት የሆነው፣ 0.9 አምፔር ያህል ስለሚወስድ ለዚህ እጅግ ይስማማል። ሬጉሌተሩ ከመግቢያው እስከ መውጫው ሾርት ሆኖ 32 ቮልት የሚያሳልፍ ከሆነም የሚጎዳው አምፖሉ ይሆናል እንጂ ውዱ ዕቃ አይሆንም።

በክፍል ውስጥ

ከላይ የተነገረው ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ከቀመር አይለይም። ተማሪው ብልሽት መፈለግን የሚማረው ብልሽት በመፈለግ ነው። ለዚህም ውድ የማስተማሪያ ዕቃ አያስፈልግም። በአንድ ክንድ ስፋት ባለው ጣውላ ላይ ከላይ የተገለጸው መሥመር በግልጽ ይዘረጋል። የ220ው ቮልት ወገን በመምህሩ እጅ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይሆናል፤ ተማሪው የሚሠራው ከትራንስፎርመሩ መውጫ ወዲህ ባለው ላይ ነው። ከጣውላው ጀርባ፣ ተማሪው በማያየው ቦታ፣ አምስት ወይም ስድስት ትንንሽ ማብሪያዎች ይተከላሉ። አንዱ አንድ ዳዮድ ያቋርጣል፤ ሌላው ትልቁን ካፓሲተር አውጥቶ በትንሽ ይተካዋል፤ ሦስተኛው በመውጫው ሽቦ ላይ 5 ኦም ያስገባል። ትራንስፎርመሩ ሁለት የመውጫ ደረጃዎች ካሉት በዝቅተኛው የምሽቱን መሥመር ማስመሰል ይቻላል። ያን ጊዜ መምህሩ ሁለት ማብሪያዎችን በአንድነት በመጫን ከላይ የተተረከውን የምሽት ብልሽት በክፍል ውስጥ ያመጣዋል።

አሰጣጡን በተመለከተ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ነጥቡ ለፍጥነት መሰጠት የለበትም። በፍጥነት የሚያገኝ ተማሪ በዕድል አግኝቶ ሊሆን ይችላል። የሚሻለው ተማሪው ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት በደብተሩ ላይ ምን ቁጥር እንደሚጠብቅና ያ ቁጥር ባይገኝ ምን እንደሚል እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ሳይጠብቅ የሚለካ ሰው የሚያነበው ቁጥር ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። ስድስት ልኬት አድርጎ ምክንያቱን በሚገባ የጻፈ ተማሪ፣ በሁለት ልኬት ገምቶ ካገኘው ሊበልጥ ይገባዋል። ከዚህ በኋላ የሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን በክፍል ማንበብ ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይልቅ ይጠቅማል። ሥራው በሁለት ሁለት ተማሪ ቢከፈልም መልካም ነው፤ አንዱ ሲለካ ሌላው ይጽፋል፣ ይጠይቃል። ብቻውን የቆመ ተማሪ ለራሱ ማስረዳት ያልቻለውን ነገር በዝምታ ያልፈዋል።

ፕላን ለሚያወጡ ባለሙያዎች

በትምህርት ተቋሞችም ሆነ በሌሎች የመንግሥት ሥራዎች ዕቃ ሲገዛ የሚመዘነው በአብዛኛው የመግዣው ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር በየክፍሉ የገባው ዕቃም፣ ዛሬ በየወርክሾፑ የሚገባው ማሽንም፣ ሁሉም ከበስተጀርባው የኃይል ማቅረቢያ አለው። ዕቃው ሲገዛ የመሥመሩ ንድፍ ካልመጣ ባለሙያው ያለ ካርታ ይቀራል። ስለዚህ በጨረታው ሰነድ ላይ የኃይል ማቅረቢያው ሙሉ የመሥመር ንድፍና የየነጥቡ ትክክለኛ ቮልቴጅ ከዕቃው ጋር እንዲቀርብ፣ ይህ ካልተሟላ ርክክቡ እንዳይፈጸም የሚል አንቀጽ ማስገባት ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። ከግዥ በኋላ መጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ መልስ የማያገኝ ደብዳቤ መጻፍ ነው።

የመለኪያ ዕቃን በተመለከተ ለሠላሳ ተማሪዎች ሁለት መለኪያ የሚመድብ በጀት ሃያ ስድስቱን ተመልካች ያደርጋል። ለሁለት ተማሪዎች አንድ መለኪያ ዝቅተኛው መጠን ነው። ከመለኪያው ጋር የመለኪያው ፊውዝ አብሮ መገዛት አለበት፤ ተማሪ ከረንት በሚለካበት ቦታ ላይ ቮልቴጅ ለክቶ ያቃጥለዋልና። በመጋዘን ውስጥ የሚቀመጡ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮችም እንደ ብሎን ለዘለዓለም የሚቆዩ አይደሉም፤ ሳይሠራባቸው ለዓመታት የተቀመጡት ውስጣቸው ይደክማል። በመሆኑም ንብረት ክፍሉ የገቡበትን ዓመተ ምሕረት በጥቅሉ ላይ ጽፎ የቀደመውን አስቀድሞ እንዲያወጣ፣ በአንድ ጊዜም ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት ፍጆታ በላይ እንዳይገዛ ማድረግ ይገባል።